በረባሶ የተጫማ መምህር



ስለ ጫማ ልንጽፍ መነሣታችንን የሰማ አንድ ወዳጃችን «አገሩ በስንት ነገር ተወጥሮ ሳለ እናንተ እግር ሥር ምን አወረዳችሁ?» ሲል ወቅሶናል። ወቀሳውን ተቀብለናል፤ ጽሑፉን ግን አልተውነውም። ስለ እኩልነት በአደባባይ በተነሣ ጊዜ ሁላችንም አንድ ዓይነት ንግግር እናውቃለን። ስለ ጫማ ሲነሣ ግን እውነተኛው አሳባችን ያመልጠናል። በየመሥሪያ ቤቱ በር የቆመ ዘበኛ ፊታችንን ከማየቱ በፊት እግራችንን አይቶ «እርስዎ» ወይም «አንተ» ማለቱን ይቈርጣል። ስለዚህ ነገሩ ከእግር ሥር ቢሆንም ቀላል አይደለም እንላለን።

ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ደብዳቤ ነው። ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ ከዚሁ ፋኩልቲ የተመረቀ፥ በዚህችም መጽሔት ይጽፍ የነበረ ወንድማችን ዛሬ ለከፍተኛ ትምህርት በስዊድን አገር ይገኛል። በዚያ አገር ሕግ መሠረት ቤታቸው ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ በትምህርት ቤት ሊማሩ ይችላሉ፤ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ቢያንስ 5 ፈላጊ ተማሪዎችና አንድ ብቁ መምህር ከተገኙ ማዘጋጃ ቤቱ ትምህርቱን ማዘጋጀት አለበት። ወንድማችንም በሳምንት ጥቂት ሰዓት የኢትዮጵያውያንን ልጆች አማርኛ ያስተምራል። ስዊድናውያን ቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ልማዳቸው ነው፤ እርሱ የሚያስተምርበትም ትምህርት ቤት የውጭ ጫማ በደጃፍ ይቀራል። ሌሎቹ መምህራን በሱፍ ነጠላ ጫማ ሲገቡ፥ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደውን የምናለሽ ተራ በረባሶ ተጫምቶ ገባ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አይታ ምንም አላለችም። ልጆቹ ግን «ይህ የመኪና ጎማ ነው እንዴ?» ብለው ከበቡት። እርሱም ዕድሉን አላሳለፈም፤ አንዱን እግር አውልቆ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ጎማ፥ ምስማር፥ ቢላዋ፥ ጠፍር፥ ገበያ የሚሉትን ቃላት ከእርሱ ላይ አስተማረ። እስከዚህ ድረስ ደብዳቤው የደስታ ነው። ትምህርቱ አልቆ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ ግን ከአባቶች አንዱ የመምህሩን እግር አዩና ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያም እንዲህ አሉት፦ «መምህር፥ እኔ ይህን ጫማ አድርጌ ነው ያደግሁት። ልጄ እንዳያደርገው ብዬ ነው ባሕር የተሻገርኩት። እርስዎ እዚህ ድረስ ይዘውብኝ መጡ?»

ወንድማችን «ጋሼ፥ ይቅርታ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም። ለእኛ የጻፈው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ጥፋተኛው ማነው?»

ደብዳቤውን ሻይ ቤት ተቀምጠን አነበብነውና ወዲያው በሁለት ተከፈልን። ገሚሶቻችን «አባትየው በገዛ አገራቸው ነገር የሚያፍሩ ሰው ናቸው፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው» አልን። የቀረነው ደግሞ «ወንድማችን ድኅነትን ጌጥ አደረገው፤ ቢፈልግ ሌላ ጫማ መግዛት የሚችል ሰው የሌላውን ችግር ተጫምቶ ይዞራል» አልን። ክርክሩ እስከ ምሽት ቆየ። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ «ስለ በረባሶ ይህን ያህል ስንናገር ከእኛ ውስጥ ሲሠራ ያየ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እጁን ያወጣ አልነበረም። አፍረን በነጋታው ወደ አዲስ ከተማ ወረድን።

መርካቶ ስሙም አቀማመጡም የባዕድ እጅ አለበት። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ሲል በአራዳ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። እነሆ የተገፋው ገበያ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ከመርካቶም ውስጥ ምናለሽ ተራ ተገፍቶ የወጣው ነገር ሁሉ ዳግመኛ የሚወለድበት ነው። ስሙ የመጣው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች በየቤቱ እየዞሩ «ምን አለሽ?» እያሉ ከመጠየቃቸው ነው ይባላል። ቆርቆሮው ምድጃ፥ በርሜሉ ባልዲ፥ ጎማው ጫማ ይሆናል።

አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ ዘንድ ተቀመጥን። አሠራሩን ሳይሰስቱ አሳዩን። ያረጀው የጭነት መኪና ጎማ በመጀመሪያ በረጅሙ ይቀደዳል። ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ጎማ ቢላዋ ስለሚያበላሽና እግርም ስለሚወጋ ሽቦ የሌለው ይመረጣል። ከዚያ በእግር ልክ ተቈርጦ ሶል ይሆናል፤ ማሰሪያው ደግሞ ከስሱ ላስቲክ ተቀዶ ወደ ሶሉ በምስማር ይመታል። ቢላዋው እንዳይጣበቅ ውሃ እየነከሩ ነው የሚቈርጡት። የጎማው ጥርስ በሶሉ ሥር ስለሚቀር ጭቃ ላይ አያንሸራትትም። አንድ ጎማ በመንገድ ሕይወቱን ከጨረሰ በኋላ በሰው እግር ሁለተኛ ሕይወት ይጀምራል ማለት ነው። ይህንን ጥበብ የያዝነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ በኬንያ «አካላ» ይሉታል፥ የቬትናም ወታደሮችም በጦርነታቸው ዘመን ከጎማ የተሠራ ጫማ አድርገው ዘምተዋል።

ታዲያ እኛ የሽማግሌውን እግር ስናይ የቈዳ ጫማ ነው! «አባባ፥ እርስዎስ ለምን አያደርጉትም?» አልናቸው። ሳቁ። «ልጆቼ፥ ሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሰው ውስጡ ይተኛል?» አሉን። እኛም ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙና፦ «በሥራዬ አላፍርም፤ አምስት ልጅ አስተምሬበታለሁ። ግን የሚገዛኝ ሰው ሌላ መግዛት ቢችል ሌላ ይገዛ እንደነበር አውቃለሁ። ይህን አውቄ ነው አጠንክሬ የምመታው» አሉን።

ከዚህ ቃል በኋላ በሻይ ቤት ይዘነው የነበረው አሳብ ከሁለቱም ወገን ፈረሰ። «በአገሩ ነገር ያፈረ» ያልናቸው አባት የሚያፍሩት በጫማው ሳይሆን፥ ሌላ ምርጫ ባልነበራቸው ዘመን ነው። «ድኅነትን ጌጥ አደረገ» ያልነውም ወንድማችን ጫማውን ለታይታ ሳይሆን ለትምህርት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶታል። ጥያቄው «በረባሶ ክቡር ነው ወይስ ወራዳ?» መሆኑ ቀርቶ፥ «አንድ ሰው ጫማ የሚመርጠው ለምንድን ነው? ሌላውስ በጫማው ሊፈርድበት ምን መብት አለው?» ሆነ።

እዚህ ላይ የአበበ ቢቂላን ነገር እናንሣ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ዓለም ባዶ እግሩን እንደ ተረት አወራው። እስከ ዛሬም ሥዕሉ የሚታወሰው በዚያ ነው። ነገር ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲሮጥ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ሲሆነው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የሮም ሰዓት በ3 ደቂቃ ያህል አሻሻለ። ሌሎች ከባዶ እግሩ ሃይማኖት ሊሠሩ ሲሞክሩ እርሱ ግን ለሥራው የሚስማማውን መረጠ። በሮም ባዶ እግር ተስማማው፥ በቶኪዮ ጫማ ተስማማው፤ በሁለቱም ቀን አበበ ነበር።

ስለ ልማድም ቢሆን እንዲሁ ነው። በጃፓን ትምህርት ቤት መምህሩም ተማሪውም የመንገድ ጫማውን በር ላይ ትቶ በቤት ውስጥ ጫማ ይማራል፤ በሶል ጫማ ቢገባ ነውር ነው። በእኛው በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። በሁለቱም ደጅ የባለጠጋው የጣሊያን ጫማና የተሸካሚው በረባሶ ጎን ለጎን ወልቀው ይቀመጣሉ፤ በፈጣሪ ፊት ሁለቱም እኩል አቧራ ናቸው። ከዚያ በር ሲወጡ ብቻ ነው አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ የሚሆነው። እንግዲህ «የመምህር ጫማ እንዲህ ነው» የሚለው ደንብ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን እኛው ያወጣነው መሆኑን ልብ ይሏል።

ደንቡም ለሁሉም እኩል ቢሠራ ባልከፋን ነበር። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በአገራችን ትምህርት ቤቶች አስተማሩ፤ ከእነርሱም በፊትና በኋላ የህንድ መምህራን አያቶቻችንን አስተምረዋል። አያቶቻችን እንደሚያጫውቱን ከፈረንጆቹ ወጣቶች በነጠላ ጫማ ክፍል የሚገባ አይጠፋም ነበር። «ፈረንጅ ነው፥ ልማዱ ነው» ይባል ነበር። ያንኑ ያደረገ ኢትዮጵያዊ መምህር ግን «ክብሩን የማያውቅ» ይባል ነበር። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ እኛም የዚህን ነገር ልጅ በዓይናችን አየነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ትምህርት ቤት ለልምምድ ከተመደብነው መካከል አንዱ ባልደረባችን በሚያስተምርበት ክፍል ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ወደ ሰሌዳ ውጣ ሲባል ግን አይነሣም። ሰነፍ አይደለም፤ ዕለት ዕለት እግሩን ከወንበሩ ሥር አጥፎ ይደብቃል። ያደረገው በረባሶ ነበር። ባልደረባችን ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ በማግሥቱ እርሱም በረባሶ ገዝቶ ተጫምቶ መጣ። ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመው። በዚያው ሰዓት አንድ የውጭ አገር ሰው በክፍት ሰንደል ሰላምታ እየተሰጠው ገባ። ባልደረባችንን ግን «መምህር ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ሆኖ አይመጣም፤ ሄደህ ቀይረህ ና» ተባለ። እርሱም ተከራክሮ ዘግይቶ ገባ፤ ማስጠንቀቂያም ተሰጠው።

ልብ በሉ፤ ጫማው ንጹሕ ነበር፥ አልተቀደደም፥ ድምፅም አያሰማም። በሕጉ የተጻፈ ክልከላ አልነበረም። የተከለከለው ጎማው ሳይሆን ጎማው የሚያስታውሰው ሰው ነው። ያ ልጅ በዚያው በር ዕለት ዕለት ይገባል። መምህሩ በዚህ ጫማ ከተመለሰ ለልጁ ምን ተነገረው? «አንተን ያስገባንህ አዝነንልህ ነው፤ ስታድግ ግን እንዲህ ሆነህ አትመጣም» ተባለ ማለት አይደለምን?

ነገር ግን ወደ ሌላው ጫፍ እንዳንሮጥ ታሪካችን ያስጠነቅቀናል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ሞድ ትርዒት ሲቀርብ ተማሪዎች «የባዕድ ኮተት ነው» ብለው ተቃወሙ፤ እንቁላልም ተወረወረ፥ ዩኒቨርሲቲውም እስከ መዘጋት ደረሰ። የተቃውሟቸው አሳብ ምንም ይሁን ምን፥ የለበሰን ሰው በለበሰው መቅጣት ግን ከዘበኛው ሥራ በምን ይለያል? እኛም ዛሬ «በረባሶ ያላደረገ ሕዝቡን የካደ ነው» ብንል ሌላ ዘበኛ መሆናችን ነው። የአስመራ ከተማ ለታጋዮች የፕላስቲክ ሸዳ ሐውልት አቁማለች፤ ጫማ ሐውልት ሊሆን ይችላል። ሐውልት ግን ለትዝታ ነው እንጂ በግድ የሚጫሙት አይደለም።

ስለ ጤናም አንድ እውነት መደበቅ አይገባንም። በደጋው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ በአገራችን ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በዚህ እንደሚሠቃይ ይገመታል። በሽታው ከተሐዋሲ የሚመጣ ወይም የሚተላለፍ አይደለም፥ እርግማንም አይደለም። እግርን በመታጠብና ጫማ በማድረግ ይከለከላል፤ ለዚህም የሚሻለው ዙሪያውን የተሸፈነ ጫማ ነው። በረባሶ ከእሾህና ከጠጠር ያድናል፥ አፈሩን ግን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ስለዚህ ወደ ገጠር የሚሄድ መምህር በረባሶን ሊሰብክ አይገባውም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩ ታላላቆቻችን ቢጠየቁ፥ ተማሪው ጫማ የሚባል ነገር ማግኘቱ ራሱ ወሬ የነበረበትን ቀን ይነግሩናል። ስዊድን ያሉት አባትም የሚናገሩት ከዚያ ቀን ነው።

ሥራውስ ቢሆን መከበር የሚችል መሆኑን አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበ ወርቅ ሠፈር «ሶል ሬብልስ» የተባለውን ድርጅት ስትመሠርት የተነሣችው ከዚሁ ከጎማ ጫማ ነው፤ ጫማውም በባሕር ማዶ መደብር ተሸጠ። በመርካቶ የሸራ ተራ የቈዳ ጫማ ሠሪዎችም በ1993 ዓ.ም. ገደማ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ተጎዱ፤ የቀሩት ግን የሥራቸውን ጥራት አሻሽለው ገበያውን መልሰው ያዙ። የሁለቱም ምሥጢር አንድ ነው፤ እጃቸውን አልናቁም። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለውን ተረት እያወራን ሳለ፥ ፈረንጅ እስኪገዛው ድረስ የራሳችንን የማናይ መሆናችን ግን ያሳዝናል።

እንግዲህ አሳባችን ይህ ነው።

አንደኛ፤ የተማሪዎች ማኅበራችን ከሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ በፊት ለየትምህርት ቤቶቹ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «የመምህሩ ጫማ ንጹሕና ለሥራው የሚመች ይሁን» የሚል ቃል ብቻ እንዲገባ ይጠይቅ። ከዚህ ያለፈው የጫማ ምርመራ ለማንም አይጠቅምም፤ ለፈረንጅ የተፈቀደም ለአገሬው አይከልከል።

ሁለተኛ፤ ከእኛ ውስጥ በረባሶን ለፎቶግራፍና ለጨዋታ የምናደርግ ነውራችንን እንወቅ። ማድረጉ አልተከለከለም፤ ዋጋውን ሳንከራከር ከፍለን፥ ማን እንደሠራው አውቀን እናድርገው።

ሦስተኛ፤ በየመኝታ ክፍላችን የማናደርጋቸውን ሽፍን ጫማዎች ሰብስበን፥ እዚያው መርካቶ አስጠግነን፥ ባዶ እግራቸውን ለሚማሩ ልጆች እናድርስ። ስንሰጥም ፎቶግራፍ አናንሣ።

ለስዊድኑ ወንድማችን የምንጽፈው መልስ ደግሞ ይህ ነው። ጥፋተኛ የለም፤ የቀረ ነገር ግን አለ። ስለዚያ ጫማ ለልጆቹ የተናገርኸው አንተ ነህ፤ አንተ ግን ከመጽሐፍና ከገበያ ነው የምታውቀው። ልጄን ከዚህ ለማዳን ባሕር ተሻገርሁ ያሉት አባት ከእግራቸው ያውቁታል። ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቀን ክፍልህ ጋብዛቸውና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዱበት፥ ማን እንደገዛላቸው፥ ሲበጠስ በምን ይሰፉት እንደነበር ለልጆቹ በአማርኛ ይንገሩ። ልጃቸውም ይስማ። እምቢ ካሉ ደግሞ አታስገድዳቸው፤ በእርሳቸው ፊት ሌላ ጫማ አድርግ፤ ይህ ሽንፈት ሳይሆን ጨዋነት ነው።

ያ ከኋላ ይቀመጥ የነበረው ልጅስ? ባልደረባችን በረባሶ ባደረገ ቀን ልጁ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳ ወጣ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን ነበር፤ አልወጣም። ክፍሉ ሁሉ በመምህሩ ጫማ ሲስቅ እርሱም አብሮ ሳቀ። የዕረፍት ደወል ሲደወል ግን ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀረና ጎንበስ ብሎ ጫማውን መረመረ።

«ቲቸር፥ ስንት ገዙት?» አለ።

ባልደረባችን ዋጋውን ነገረው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «ተበልተዋል» አለ፤ «ከምናለሽ ተራ ከኋላ በኩል ይገቡና የሚመታውን ሰውዬ ራሱን ይጠይቃሉ። ቅዳሜ ከፈለጉ አሳይዎታለሁ።»

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። መንገዱን የሚመራው ልጁ ነበር።